አይስ ኮፊ በቤትዎ ሊያዘጋጁ ነው? ሐረር ላይ ኪስዎን ከመክፈትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የቴሌግራም ገበያዎችን ከፍተው አይተው ይሆናል። ካራሜል የተንቆረቆረበት፣ ክሬም የተከመረበት የቀዝቃዛ ቡና ፎቶ ይለጠፋል፤ ከሥሩ የማሽኑ፣ የሽሮፑና የብርጭቆው ዓይነት ይደረደራል። ዋጋውስ? «በውስጥ መስመር ያናግሩን።» በአደባባይ ያልተጻፈ ዋጋ እንደ ጠያቂው የሚለዋወጥ ዋጋ ነው፤ ገና ከመነሻው ልብ ይበሉ።

ፎቶው የማይነግርዎት ሌላም ነገር አለ። ሐረር ተቀምጦ ቀዝቃዛ ቡና ለሚያዘጋጅ ሰው ቡና ብርቅ አይደለም፤ ቅመምም እንደዚያው። ከባዱ በረዶው ነው፤ በረዶ ማለት ደግሞ ውሃና መብራት ነው። ሻጩ ስለ ሽሮፑ ጣዕም ሲያወራ ይውላል እንጂ ስለ ሮቶዎ ውሃና ስለ መብራት ቆጣሪዎ ትንፍሽ አይልም። እነሱን እሱ አይሸጥልዎትማ! ስለዚህ እኛ ከዚያው ከማይነገረው እንጀምር።

በረዶው

• በረዶው ከየትኛው ውሃ ነው የሚሠራው? የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ሐረር ዋና የውሃ ምንጯን አጣች፤ ከዚያ በኋላ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ሽቅብ በሚገፋ ረጅም ቧንቧ ውሃ ማምጣት ግድ ሆነባት። በፈረቃ የመጣውን ውሃ በሮቶ፣ በበርሜልና በጀሪካን ማጠራቀም የቤትዎ ልማድ ከሆነ፣ በረዶዎ የሚሠራው ቀናት ከቆየ ውሃ ነው ማለት ነው። ልብ ይበሉ፦ ቅዝቃዜ ጀርም አይገድልም። በረዶው ብርጭቆ ውስጥ ሲሟሟ የተኛው ሁሉ ይነሳል፤ አተትም ሆነ ታይፎይድ በዚህ መንገድ ይገባል። ውሃውን አፍልተው፣ ከድነው አቀዝቅዘው፣ ከዚያ ወደ ፍሪዘር ያስገቡ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ጀርም ለመግደል ይህም በቂ ነው። ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሦስት ደቂቃ ቢያቆዩት ደግሞ የበለጠ ይተማመናሉ። ለማፍያው የሚወጣውን ከሰል ወይም መብራት ግን በወጪ ይመዝግቡት፤ የፎቶው ሂሳብ ውስጥ አልገባም።

• ውሃ ማከሚያ መጠቀም አይቀልም? «ውሃ አጋር» ዓይነት የክሎሪን ማከሚያ ለመጠጥ ውሃ ጥሩ ነው፤ መመሪያውን ተከትለው 30 ደቂቃ ከጠበቁ ሥራውን ይሠራል። ሽታው ግን በረዶው ውስጥ ይቀርና ቡናውን ይገድለዋል። ለበረዶ ማፍላት ይሻላል።

• መብራት ስንት ጊዜ ይጠፋል? ስንት ሰዓትስ ይቆያል? የፍሪጅ ሻጭ ይህን ጥያቄ አይወደውም። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን የሚይዘው ለ4 ሰዓት ያህል ነው፤ ግጥም ብሎ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ከቤት ወጥተው ሲመለሱ መብራት ጠፍቶ እንደነበር በምን ያውቃሉ? በአንድ ኩባያ ውሃ ያስረጉና ከላዩ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡ። ሲመለሱ ሳንቲሙ ላይ ካለ ሰላም ነው። ወደ መሐል ወይም ወደ ታች ሰምጦ ካገኙት በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል፤ አጠገቡ የነበረውን ወተት አይመኑት።

• ፍሪዘሩን ከማን ጋር ይጋራሉ? ሥጋና የተከተፈ ሽንኩርት ከተቀመጠበት ክፍል የወጣ በረዶ ሽታውን ይዞ ይመጣል። ክዳን ያለው የበረዶ ቅርጽ ማውጫ ይፈልጉ። ከጎረቤት ፍሪዘር የሚያስረጉ ከሆነም ክዳኑ ለወዳጅነትዎም ይጠቅማል።

• የሚሸጥ በረዶ ለመግዛት አስበዋል? «የሚጠጣ ነው?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «ከምን ውሃ ተሠራ? ለምን ሥራ ተሠራ?» ይበሉ። ለስላሳና ቢራ በውጭ ለማቀዝቀዝ የተዘጋጀ በረዶ ብርጭቆ ውስጥ መግባት የለበትም።

• ለመሆኑ በረዶ ያስፈልግዎታል? ሐረር ድሬዳዋ አይደለችም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ተቀምጣ በሙቀት ስትቀቀል፣ ሐረር ላይ ወደ ማታ ሻርፕ የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ያደረ ቡና ያለ አንዲት የበረዶ ጠጠር የሚያረካዎት ከሆነ ግማሹን ወጪና አብዛኛውን ስጋት አስቀሩ ማለት ነው። የተረፈ አቦል ካለዎት ደግሞ እሱኑ በበረዶ ቅርጽ ማውጫ ያስረጉት፤ ሲቀልጥ ቡናውን አያቀጥነውም።

ቡናው

• «ንጹሕ የሐረር ቡና ነው።» ከየት የመጣ? በሐረር ስም የሚጠራው ቡና በአብዛኛው የሚመጣው ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ነው፦ ከደደር፣ ከጋራ ሙለታ፣ ከበደኖ፣ ከሐብሮ። ጫት የቡናን መሬት ሲሻማ ስንት ዘመኑ! ስለዚህ ስሙ ከምርቱ ይበዛል፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ቡናም ተደባልቆ በዚሁ ስም ይሸጣል። ሻጩን ወረዳውን ይጠይቁት። ዝም ካለ ወይም «ሁሉም አንድ ነው» ካለ ለስሙ ተጨማሪ አይክፈሉ። ስሙ ዋጋ እንዳለው ዓለምም ያውቃል፤ መንግሥት በ1997 ዓ.ም ሐረርን፣ ሲዳሞንና ይርጋ ጨፌን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክቶ፣ ከብዙ ውዝግብ በኋላ በ1999 ዓ.ም ከቡና ኩባንያው ከስታርባክስ ጋር ተፈራርሟል። በረዶና ሽሮፕ የገባበትን ቡና በዓለም ዙሪያ ያስለመደ ቢኖር ያ ኩባንያ ሳይሆን አይቀርም፤ እና እኛው ደጅ በቀለ የሚባለውን ቡና በእነሱ አሠራር ልንጠጣ ሽሮፕ ፍለጋ መውጣታችን ትንሽ ያስቃል።

• «ኤክስፖርት ነው» ሲሉዎትስ? ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ መሸጥ በሕግ ሲከለከል የቆየ ነው። ሻጩ እውነቱን ከሆነ ሕገወጥ ዕቃ እየገዙ ሊሆን ይችላል፤ ውሸቱን ከሆነ ለውሸቱ እየከፈሉ ነው። በሁለቱም ቢሆን ቃሉ ዋጋ ሊያስጨምርዎ አይገባም።

• በጣሳ ነው ወይስ በኪሎ? ጣሳ ሁሉ እኩል አይደለም፤ ከሥሩ የተደቆሰም አለ፣ አናቱ ላይ የሚከመርለትም የማይከመርለትም አለ። ከተቻለ በሚዛን ይግዙ። ጥሬ ቡናን እፍኝ አድርገው ያሽቱት፤ የጆንያ፣ የእርጥበት ወይም የሻጋታ ሽታ ካለው ይተዉት። በጥርስዎ ሲነክሱት የሚለመጥ ከሆነ አልደረቀም፤ ውሃን በቡና ዋጋ እየገዙ ነው። ሲቆላ ደግሞ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና 800 ግራም ብቻ ቢወጣው አይደንግጡ፤ የተቆላውን ዋጋ ከጥሬው ጋር ሲያወዳድሩ ግን ይህን ያስቡ። ለቀማውንም አይርሱ፦ ጠጠሩ፣ ጥቁሩና የተበሳው ሲወጣ ኪሎው ኪሎ አይሆንም።

• የተፈጨ ሊገዙ ነው? እዚህ ላይ ጠንቀቅ ይበሉ። የተቆላ ገብስ፣ በቆሎና የቡና ገለፈት አንዴ ከተፈጨ በዓይን አይለይም። ቤትዎ ሲደርሱ በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ቆንጠር አድርገው ይበትኑበት፤ ቡናው ቅባት ስላለው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ቀለሙንም ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ወዲያው ሰምጦ ውሃውን ካጠቆረው ይጠርጥሩ። ቁርጥ ያለ ፍርድ አይደለም፤ ደንበኛ ለመቀየር ግን ይበቃል። ከሁሉም የሚሻለው ዓይንዎ እያየ የሚፈጭልዎ ቤት ነው። ጀጎል ውስጥም ከቅጥሩ ውጭም እንዲህ ያሉ አሉ።

• አፈጫጩን ነግረዋል? ወፍጮ ቤቱ ካልነገሩት የሚያውቀው የጀበናውን አፈጫጨት ነው፤ ልም አድርጎ ይሰጥዎታል። ለጀበና ደግ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ለሚዘፈዘፍ ቡና ግን ልሙ ዱቄት ከማጥለያው ያልፍና ብርጭቆው ሥር ጭቃ ይሆናል፤ መራራም ይሆናል። «ሸካራ፣ እንደ ጨው ጠጠር» ብለው አስቀድመው ይናገሩ፤ የተፈጨ አይመለስም።

• አቆላሉስ? የሐረር ቡና አይታጠብም። ፍሬው ከነሥጋው ደርቆ ጀንፈል ከሆነ በኋላ ነው የሚፈለፈለው፤ የወይን ጠጅና የእንጆሪ ጠረን የሚሰጠውም ይኸው ነው። ቡናው ከሰል እስኪመስል ከጠቆረ ያ ጠረን በጭሱ ይሄዳል፤ የሚቀረው ምሬት ነው፣ ምሬቱን ለመሸፈን ደግሞ ሽሮፕ ይገዛሉ። ከመጥቆሩ በፊት፣ ቀይ ቡኒ ሲሆን ያውጡት። ከገዙም ቅባቱ ላዩ ላይ የወጣውንና የሚያብረቀርቀውን ለዚህ አይምረጡ።

በጀበና ወይስ በመዘፍዘፍ?

ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም በቤትዎ ዕቃ ይሞክሩ።

• በጀበና፦ 30 ግራም ቡና፣ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 200 ግራም በረዶ። ከተለመደው ወፈር ያለ አቦል ብቻ ነው የሚያስፈልግዎት፤ ቶናና በረካን ለእንግዳ ይተዉ፣ በረዶ ሲነካቸው ውሃ ናቸው። ጀበናውን አዘንብለው አስቀምጠው አተላው እስኪረጋ ይታገሱ፤ ከዚያ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልለው በረዶው ላይ ይገልብጡት። የሚጠነቀቁት፦ ስኳር የሚፈልጉ ከሆነ ቡናው ትኩስ ሳለ ይጨምሩ። ቀዝቃዛ ቡና ስኳር አያሟሟም፤ ሥሩ ተኝቶ ይቀርና «አልጣፈጠም» እያሉ ሲደጋግሙ እጥፍ ይጨምራሉ።

• በመዘፍዘፍ፦ 100 ግራም ሸካራ ቡና በ1 ሊትር ውሃ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት። ለስላሳ ነው፣ ምሬቱ ያንሳል። ግን አንድ ነገር ማንም አይነግርዎትም፦ በዚህ አሠራር ውስጥ ውሃው አንድም ጊዜ አይፈላም። አሠራሩን የጻፉት ሰዎች የቧንቧ ውሃቸውን ቀድተው የሚጠጡ ናቸው። እርስዎ ግን አስቀድሞ የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ይጠቀሙ፤ ማሰሮውንና ማጥለያውንም በፈላ ውሃ ያለቅልቁ። ከሦስትና ከአራት ቀን በላይ አያቆዩት፤ መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ ደግሞ ይድፉት። ከጀበናው የበለጠ ቡናም ይፈጃል፤ ሂሳቡን ሲሠሩ አይርሱ።

• «ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ይጠብቁ» የሚል መመሪያ አንብበው ይሆናል። ለባሕር ዳርቻ ሰው የተጻፈ ነው። ቡና በደንብ የሚወጣው ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ሙቀት ላይ ነው፤ የሐረር ውሃ ደግሞ ፈልቶም ከዚያ አያልፍም። ሳይጠብቁ ይጠቀሙ። ሙቀት መቆጣጠሪያ ላለው ውድ ማንቆርቆሪያ የሚከፍሉበትም ምክንያት የለዎትም፤ ከተማዋ በነፃ ሠርታልዎታለች።

• ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይይዛል? ውሃዎ ማዕድን ይበዛበታል ማለት ነው፤ የቡናውን ጠረን ያደበዝዛል፣ ማሽን ቢገዙም ቀዳዳውን ይደፍናል። ይህን አይተው ማሽን ካሰቡ የማጽጃውንም ወጪ ይደምሩ።

ጣዕሙ

ዋናው ወጥመድ ያለው እዚህ ነው፤ በተለይ ጾም ለሚጾሙና ሐላል ለሚጠነቀቁ።

• ቫኒላው በምን ነው የተሟሟው? ከእውነተኛ ቫኒላ የሚወጣው ፈሳሽ በአልኮል ነው የሚዘጋጀው፤ በአሜሪካ ደንብ ቢያንስ 35 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይገባል። የአልሞንድና የሌሎች ጣዕም ፈሳሾችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። «ሐላል ነው?» ብለው ባለ ሱቁን ከሚጠይቁ ጠርሙሱን አዙረው «አልኮል» ወይም «ኢታኖል» የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ፤ የሐላል ምልክቱንም ከነሰጪው ድርጅት ስም ይመልከቱ። ጽሑፉ በማያነቡት ቋንቋ ከሆነ የሚያነብልዎት ሰው እስኪያገኙ አይግዙ። ርካሹ የቫኒላ ዱቄት ደግሞ በፋብሪካ የተሠራ ቫኒሊን ነው፤ አይጎዳም፣ ግን በእውነተኛው ዋጋ እንዳይሸጥልዎ።

• «የጾም ክሬም ነው» ተብለዋል? ቡና ላይ የሚበተነው ነጭ የክሬመር ዱቄት ከላዩ ወተት እንደሌለው ቢጻፍበትም፣ ከጀርባው «ሶዲየም ኬዚኔት» የሚል ስም ብዙ ጊዜ ያገኛሉ። ይህ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ጾም ለሚጾም አይሆንም፤ የወተት አለርጂ ላለበት ልጅም አደጋ ነው። ሱቁ አይነግርዎትም፤ ምናልባት እሱም አያውቀውም።

• ሽሮፑ መቼ ተመረተ? በየት በኩል ገባ? ወደ ሐረር ከሚገቡ የውጭ ምግቦች መካከል በጂጂጋ መስመር በኮንትሮባንድ የሚመጡ አሉ። ፀሐይ ላይ ስንት ቀን እንደቆዩ የሚያውቅ የለም። የመጠቀሚያ ጊዜው ላይ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበትን፣ ቀኑ የተፋቀበትን፣ ክዳኑ የሚያጣብቀውን አይንኩ። አንድ ጠርሙስ ከተከፈተ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚቆይም ያንብቡ፤ ትልቁ ጠርሙስ «ይረክሳል» ተብሎ ይገዛና ግማሹ ይጣላል።

• ሦስት በአንድ ከረጢት ይሻለኝ ይሆን? የዱቄት ቡና፣ ስኳርና ክሬመር የተደባለቀበትን ማለት ነው። የይዘት ዝርዝሩን ይመልከቱ፤ በክብደት ከሚበዛው ጀምሮ ነው የሚጻፈው። ቀድሞ የተጻፈው ስኳር ከሆነ የገዙት ቡና የነካው ስኳር ነው። በቡና አገር!

• ቤትዎ ያለውን አይተዋል? አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ አፍልተው ሄል፣ ቀረፋ ወይም ቅርንፉድ ጣል ያድርጉበት፤ ሲበርድ አጥልለው በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። ሁለት ሳምንት ይቆይልዎታል። ከሱቁ ሽሮፕ የሚለየው በጠርሙሱ ውበት ነው። የሚጠነቀቁት፦ ቅመሙን ሳይፈጭ ይግዙ። ሄል ብለው ኮረሪማ እንዳይሰጥዎ ይዩ፤ ሄል ትንሽና አረንጓዴ ነው፣ ኮረሪማ ትልቅና ቡናማ። ኮረሪማም ለቡና ጥሩ ነው፣ ዋጋው ግን የራሱ ይሁን። ቅርንፉድ በጥፍርዎ ሲጫኑት ቅባት ካላወጣ ዘይቱ ተወስዶበታል ወይም አርጅቷል። ዝንጅብል ለሚወድ ደግሞ ትኩሱን ቀጥቅጦ ከስኳሩ ጋር ማፍላት ነው።

• ማር ይሻላል የሚሉም አሉ። ማር በቀዝቃዛ ቡና አይሟሟም፤ እንደ ስኳሩ አስቀድሞ በትኩሱ መበጥበጥ አለበት። በስኳር የተበረዘ ማር ደግሞ ገበያው ሙሉ ነው፤ ለአይስ ኮፊ ጥሩ ማር ማባከን አይታየኝም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር የገባበትን ምንም ነገር አያቅምሱ።

• ቆይ፣ ጨውስ? እዚህ አገር ቡናን በጨው፣ ከቡና ገለፈት የሚፈላውን ሆጃ ደግሞ በወተትና በጨው መጠጣት የቆየ ነው። ቆንጠር ያለ ጨው ምሬት ያበርዳል፤ ስኳሩን ከማብዛት ይልቅ አንዴ ይሞክሩት። ሆጃውን አቀዝቅዘው መጠጣት ካማረዎትም ይቻላል። ብቻ ገለፈቱ ሻጋታ የሌለበትና ከአፈር የተለየ መሆኑን አይተው፣ አለቅልቀው ያፍሉት።

ወተቱ

• የላም ወተት፦ ጥሬውን በበረዶ ቡና ላይ አያፍስሱ። ትኩስ ማክያቶ ላይ ወተቱ ይሞቃል፤ እዚህ ግን የሚያሞቀው ነገር የለም። አፍልተው፣ አቀዝቅዘው ይጠቀሙ። ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን ይተዉት።

• የግመል ወተት፦ ቀጠን ያለና ለቀዝቃዛ ቡና የሚስማማ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ሁለት ነገር ይጠይቁ። መቼ ታለበ? ዕቃው ታጥኗል? የታጠነ ዕቃ ወተቱን የጭስ ጠረን ይሰጠዋል፤ ለሻይ የሚወዱት ጠረን የቡናውን ሊሸፍነው ይችላል። «የግመል ወተት መድኃኒት ነው፣ አይፈላም» የሚልዎትን አይስሙ፤ ብሩሴሎሲስ በጥሬው ይተላለፋል።

• በፌስታል የተመዘነ የወተት ዱቄት፦ ቀን የለው፣ ስም የለው፣ አምራች የለው። አይግዙ።

• ለጾም፦ የባቢሌ ለውዝ ቅርብዎ ነው። አንድ እፍኝ አዳር ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ደፍተው፣ በአዲስ ውሃ ፈጭተው ማጥለልና ማፍላት ነው። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም ሻጋታ ያለበት ለውዝ አንድም ፍሬ እንዳይገባ ይልቀሙ። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ተቆልቶም ተፈልቶም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ጉበትን ይጎዳል። ተፈጭቶ የተዘጋጀ ርካሽ ለውዝ የማይገዙትም ለዚህ ነው፦ ምኑ እንደተፈጨ አያዩትም።

ዕቃው

• ቮልቱ ስንት ነው? የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው 120። ዘመድ ከዋሽንግተን ያመጣው ወይም «ከአሜሪካ የመጣ ኦሪጅናል» ተብሎ የሚሸጥ ማሽን ሲሰኩት በአንድ ጊዜ ሊቃጠል ይችላል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። «ትራንስፎርመር ይገዙለታል» ካሉዎት የትራንስፎርመሩን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ይደምሩ፤ ዋቱን የማይችል ትራንስፎርመርም ራሱ ይቃጠላል።

• ካፕሱል የሚበላ ማሽን ነው? ማሽኑ በርካሽ ይሰጥዎታል፤ ካፕሱሉ ከየት እንደሚመጣ ግን ይጠይቁ። ሐረር ላይ ካላገኙት በቡና አገር የውጭ ቡና በትዕዛዝ ሊያስመጡ ነው።

• ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ዋስትናው በወረቀት ነው ወይስ በአፍ? ጎማውና ማጥለያው ለብቻው ይሸጣል? ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ሰክተው ያሠሩት።

• ምን ውስጥ ይገለብጡታል? ትኩስ ቡና በረዶ በያዘ ስስ ብርጭቆ ላይ ሲፈስ ይሰነጥቀዋል፤ ማንኪያ ከትተው ቀስ ብለው ያፍስሱ ወይም በብረት ማንቆርቆሪያ አቀዝቅዘው ይቅዱ። በሃይላንድ ውስጥ ደግሞ ትኩስ ቡና በጭራሽ! ያ ፕላስቲክ ለቀዝቃዛ ውሃና ለአንድ ጊዜ የተሠራ ነው።

ጤናዎ

ቀዝቃዛ ቡና እንደ ውሃ ይጠጣል፤ ችግሩ እሱ ነው። የአረቢካ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ያህል ካፌይን አለው። በ100 ግራም ቡና የተዘፈዘፈ አንድ ሊትር ለአራት ብርጭቆ ቢከፈል በአንዱ ብርጭቆ 200 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሊገኝ ይችላል። ለነፍሰ ጡር በብዛት የሚመከረው የቀን ጣሪያ ደግሞ 200 ነው፤ ለጤነኛ አዋቂ 400። በሲኒ «አንድ ብቻ» ብለው የሚያቆሙ ሰው በትልቅ ብርጭቆ ልኩን ያልፋሉ።

• ከሰዓት በኋላ ጫት የሚቅሙ ከሆነ ሁለቱም አነቃቂ ናቸው፤ ልብ ምትዎና እንቅልፍዎ ላይ ይደራረባሉ። የደም ግፊት ካለብዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

• የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጣፋጭ ወፍራም የጣሳ ወተት ብቻውን 11 ግራም ያህል ስኳር አለው። የስኳር ሕመምተኛ ቤትዎ ካለ ስኳሩን ለየብቻ ያቅርቡ።

ለሽያጭ ካሰቡስ? ጎረቤት ሁሉ «ግሩም ነው» ብሎዎት ይሆናል፤ በነፃ የቀመሰ ሰው አስተያየት ገበያ አይደለም። በረዶውን፣ የተደፋውን ወተት፣ የጠፋውን መብራትና የራስዎን ጉልበት ሳይደምሩ ዋጋ አይቁረጡ። ፈቃድና የጤና ምርመራ እንደሚጠየቅም ከወዲሁ ይወቁ።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ለመጀመሪያው ወር ማሽንም ሽሮፕም አይግዙ። ጀበናው አለ፣ ሄሉ አለ፣ ቡናው አለ። ገንዘብ ማውጣት ካለብዎ ክዳን ያለው የበረዶ ቅርጽ ማውጫና የፈላ ውሃ ማስቀመጫ የሚሆን ንጹሕ እንስራ ወይም ጀሪካን ይግዙ፤ ቡናው ባይጥምዎት እንኳ ሁለቱም ለቤትዎ ይሆናሉ።